በጠና የታመመን ሰው እንዴት እንጠይቅ፤ የአንዲት ጠያቂ ማስታወሻ

የመጀመሪያዋ ሕመምተኛዬ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። ገብቼ ከአልጋው ግርጌ ቆምኩና ወደ ልጅቱ ዞሬ፣ «እንዴት አደሩ? ምግብስ ይቀምሳሉ? ሕመሙ ቀለል አለላቸው?» እያልኩ ጥያቄ ደረደርኩ። ልጅቱም በትሕትና ትመልስልኛለች። ከትራሱ በኩል ዝግ ያለ ድምፅ መጣ፦ «እኔም እኮ እዚሁ ነኝ።»

ይህ ከሆነ 16 ዓመት አለፈው። ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ነርስም መነኩሲትም አይደለሁም። ሐሙስ ሐሙስ ከካቶሊክ ቁምስናችን (ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን) ሕሙማን ጠያቂዎች ጋር እወጣለሁ፣ አዲስ ሰው ሲመጣም የማለማምደው እኔ ነኝ። እዚህ የምጽፈው ለእነሱ በቃል የምነግራቸውን ነው። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ከዚያች ከትራሱ ከመጣች ዓረፍተ ነገር ይነሣል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ መልካም ነገር አለው። የታመመን ሰው ማየት ብቻ ሳይሆን «መጠየቅ» እንላለን። ማቴዎስ 25 ላይም ጌታ የሚለው «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ነው። የሚጠየቅ ሰው ደግሞ መልስ ያለው ሰው ነው። እኔ ግን በዚያ ቀን በሽተኛዋን ልጠይቅ ሄጄ የጠየቅሁት ሌላ ሰው ነበር። ኢየሱስ ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን ምን እንዳለው አስታውሱ፦ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ዓይነ ስውር ምን እንደሚፈልግ ማን ያጣዋል? ጌታ ግን ከሰውየው አፍ ሊሰማው ፈለገ።

ወደ ሥራው ልግባ። ከመሄዳችሁ በፊት ሕመምተኛው ራሳቸው ጠያቂ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠየቁ። ቤተሰብ «ደስ ይላቸዋል፣ ኑ» ስላለ ብቻ አትሂዱ። ስልክ መያዝ የሚችሉ ከሆነ ለእሳቸው ደውሉ፤ ካልቻሉ «እንድመጣ ይፈልጋሉ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ፣ እጠብቃለሁ» በሉና መልሱ እስኪመጣ መስመሩ ላይ ቆዩ። «ዛሬ አይደለም» ቢሉ ቅር አይበላችሁ። ከአልጋ መነሣት የማይችል ሰው በቀን ውስጥ እምቢ የሚልበት ነገር ጥቂት ነው። መርፌውን እምቢ አይልም፣ መታጠቡን እምቢ አይልም። እናንተን እምቢ ማለት ከቻለ ቢያንስ አንድ ነገር በእጁ አለ ማለት ነው።

በሩ ክፍት ቢሆንም አንኳኩ። እጃችሁን ታጠቡ። ስልካችሁን አጥፉና ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፤ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ ዓይናችሁ ሳታስቡት ወደዚያው ይሄዳል፣ የታመመ ሰው ደግሞ የጠያቂውን ዓይን አንድ በአንድ ይከታተላል። ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ። ቆሞ የሚያናግር ሰው ሲወጣ የቸኮለ ይመስላል፣ ጋደም ላለ ሰው ደግሞ ዳኛ ይመስላል። አልጋው ላይ ሳይፈቀድላችሁ አትቀመጡ፤ ያ አልጋ አሁን ቤታቸውም ሳሎናቸውም ነው። መነጽር ወይም የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው አጠገባቸው መኖሩን እዩና «ላድርግልዎ?» በሉ። ሰው ጆሮውን መሳቢያ ውስጥ ዘግተውበት «ግራ ተጋብተዋል» ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

አሁን ወደ አነጋገር። በዚህ ላይ ግትር ነኝ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። አንቱ የነበረ ሰው ሲታመም አንተ ይሆናል፤ አይታችሁት አታውቁም? ስልሳ ዓመት ሙሉ በማዕረግ የተጠሩ ሰውዬ አልጋ ላይ ሲወድቁ፣ ገና ትናንት ሥራ የጀመረው ልጅ «እሺ አባባ፣ ተገልበጥ እስቲ፣ ጎበዝ» ይላቸዋል። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ፍቅር ሊኖርበት ይችላል። ነገር ግን አንቱታው ከአቅማቸው ጋር አብሮ ወረደ ማለት ድሮም ለአቅማቸው ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ማን ብዬ ልጥራዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። «አንቺ በይኝ፣ እርጅና አታሸክሚኝ» ካሏችሁ እንዳሏችሁ አድርጉ፤ ወደ አንቺ የሚያወርዱት ግን እሳቸው ናቸው፣ በሽታው አይደለም። በፊታቸው ደግሞ ስለ እሳቸው በሩቅ ወገን አታውሩ። ልጅ ወይም ሐኪም ወደ እናንተ ዞሮ «ትናንት አልተኛም» ቢል፣ ወደ አልጋው ዞር ብላችሁ «አልተኙም እንዴ?» በሉ። ያቺ ትንሽ መዞር ክፍሉን ትለውጠዋለች።

ይህ ሁሉ የጨዋነት ትምህርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍም ባልደከምኩ። እምነታችን የሚለው ከጨዋነት ይከብዳል። «እግዚአብሔርም ሰውን በመልኩ ፈጠረ» የሚለውን ዘፍጥረት 1፥27 ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የቅድስት መንበር (የቫቲካን) የእምነት ትምህርት ጽሕፈት ቤት በ2024 ስለ ሰው ልጅ ወሰን የለሽ ክብር ያወጣው ሰነድ ግን ለእኛ ለጠያቂዎች የሚጠቅም አንድ ነገር አድርጎልናል፦ «ክብር» የሚለውን ቃል በአራት ለይቶታል። አንደኛው ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ ያለው፣ እግዚአብሔር ስለ ፈጠረውና ስለ ወደደው የማይጠፋ ክብር ነው። ሁለተኛው ከምግባሩ የሚመጣ ነው፤ ክፉ በመሥራት ሊጎድፍ ይችላል። ሦስተኛው ከሚኖርበት ሁኔታ የሚመጣ ነው፤ ድህነት ያዋርደዋል። አራተኛው ሰው ስለ ገዛ ሕይወቱ የሚሰማው ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ከፍ ዝቅ ይላሉ። የመጀመሪያው ግን ከማንም አይወሰድም።

ይህ መከፋፈል የሚጠቅመው በሽተኛ «ክብሬን አጣሁ» ሲላችሁ ነው። ብዙዎች ይሉታል። አንድ አዛውንት በዳይፐር ምክንያት እንዲህ ሲሉኝ፣ «ኧረ በፍጹም! በእግዚአብሔር ዘንድ ክቡር ነዎት!» ብዬ ተሟገትኳቸው። ያልኩት እውነት ነው። ጥፋቴ እሳቸው ስለ አራተኛው ሲነግሩኝ እኔ ስለ አንደኛው መመለሴ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሼ፣ «ባለፈው ክብሬን አጣሁ ብለውኝ ነበር፤ ምኑ ነው ይበልጥ የሚያምዎት?» አልኳቸው። ቆይተው፣ «ሲያጥቡኝ በሩን አይዘጉትም» አሉ። በር! ከነርሷ ጋር ተነጋገርን፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋ ጀመር፣ ያልታጠበው የሰውነታቸው ክፍልም በአንሶላ ይሸፈን ጀመር። በአንደኛው ክብር የምታምኑ ከሆነ ሥራችሁ አራተኛውን የሚያቆስለውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ እንዲህ በእጅ የሚዘጋ ነገር ሆኖ ይገኛል።

የማይባሉ ነገሮችን በአጭሩ ልለፋቸው። «የባሰም አለ» አይባልም። «ነገ ብድግ ይላሉ» ካላወቃችሁ አይባልም። «ጌታ የሚወደውን ይቀጣል» ከጤነኛ አፍ ሲወጣ ድንጋይ ነው። ስለ ሥቃይ ትርጉም ቤተ ክርስቲያን ብዙ ብላለች፤ ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1984 ሙሉ ሐዋርያዊ መልእክት ጽፈውበታል፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ከክርስቶስ መስቀል ጋር የሚያያዝ መሆኑንም እናምናለን። ያንን ትርጉም አግኝቶ የሚናገረው ግን ተሠቃዩ ነው። ለእኛ በዚያው መልእክት ውስጥ የተሰጠን ቦታ የደጉ ሳምራዊ ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ ቁስል አሠረ እንጂ ስለ ቁስል አላስተማረም። ዝም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ላይ ዝምታው አንድ ደቂቃ ሲሞላ አንድ ሰዓት ይመስላችኋል፤ ትለምዱታላችሁ።

ከሁሉ የሚከብደው «ሸክም ሆንኩባቸው፤ ምነው በሞትኩ» የሚለው ነው። አትደንግጡ፣ አትቆጡ፣ ወሬም አትለውጡ። «ንገሩኝ እስቲ» በሉ። አንዳንዱ ሰው ሞትን መመኘቱ ሕመሙ ስላልታገሠለት ነው፤ አንዳንዱ ልጁ በሥራና በእሱ መካከል ስትሮጥ ማየት ስላቃተው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ እንደ አረጋዊው ስምዖን ጠግቦ መሄድ ስለሚፈልግ ነው፣ ይህ ኃጢአትም በሽታም አይደለም። ከንግግሩ ራሱን ሊጎዳ እንዳሰበ ከጠረጠራችሁ ግን በግልጽ ጠይቁ፦ «ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣውም። አዎ ካሉ ብቻቸውን ትታችሁ አትውጡ፤ በዚያው ቀን ለሐኪሙና ለቤተሰብ ይነገር። የሰማነውን በምሥጢር መጠበቅ ደንባችን ነው፤ እዚህ ላይ ግን አይሠራም።

በዚህ አልጋ አጠገብ ሁለት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች ሁልጊዜ ይገጥሙኛል፣ ሁለቱም ከምእመናን። አንዱ «ካቶሊክ የሆነ ሰው ማንኛውንም ማሽን፣ ማንኛውንም ቀዶ ጥገና መቀበል አለበት» ይላል። ሌላው «ማስታገሻ መውሰድ መስቀልን መሸሽ ነው» ይላል። ሁለቱም ትምህርታችን አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ፒዮስ 12ኛ በ1957 ለሐኪሞች ሁለት ጊዜ በዚህ ላይ ተናግረዋል። በየካቲቱ ንግግር፣ ሌላ መንገድ ከሌለና በሽተኛው የቀሩትን ሃይማኖታዊና ሞራላዊ ግዴታዎቹን ከመፈጸም ካላገደው፣ ሕመምን ለማስታገስ ጠንካራ መድኃኒት መስጠት፣ ንቃትን ቢቀንስ ዕድሜንም ቢያሳጥር እንኳ፣ የተፈቀደ ነው አሉ። በኅዳሩ ደግሞ ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ የሚገደደው በተለመደው መንገድ እንጂ ከባድ ሸክም በሚጭን መንገድ አይደለም አሉ። ዛሬ ሁለቱም በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ (የእምነት ትምህርት መጽሐፍ) ቁጥር 2278 እና 2279 ላይ አሉ። ከሚገኘው ጥቅም ጋር የማይመጣጠን፣ አድካሚና ልዩ ሕክምናን መተው ይቻላል፤ ይህ ሞትን መፈለግ ሳይሆን መከላከል እንደማይቻል መቀበል ነው። በቁጥር 2277 እንደተጻፈው ግን ሥቃይን ለማቆም ብሎ ሰውን መግደል፣ በመርፌም ሆነ የሚገባውን ነገር በመንፈግ፣ ነፍስ ግድያ ነው። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ከንፈር ማርጠብ፣ ሰውነት እስከ ተቀበለው ድረስ ምግብና ውኃ መስጠት አይቋረጥም።

ቁጥር 2278 ስለ ውሳኔው ምን ይላል? በሽተኛው ብቃቱና ችሎታው ካለው የሚወስነው እሱ ራሱ ነው። እንግዲህ አሁንም ተመልሰን ወደ መጠየቅ። እናንተ የሕክምና ምክር አትስጡ፤ አላዋቂ ሳሚ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ። «ይህን ለሐኪሙ ነግረውታል? ሲነግሩት አብሬ ልገኝ?» ማለት ግን ትችላላችሁ። ሕመምተኞች ሊጠይቁት የሚፈልጉትን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጽፌላቸው አውቃለሁ፤ ሐኪም ሲገባ አእምሮ ባዶ ይሆናል።

ስለ ካህን። ቤተሰብ «አባን ካዩ መሞታቸው ነው ብለው ይደነግጣሉ» እያለ ያዘገያል፣ ያዘገያል፣ ከዚያ እኩለ ሌሊት ላይ ይደውላል። ምሥጢረ ቀንዲል፣ ካህን ሕመምተኛን ቅዱስ ዘይት የሚቀባበት ምሥጢር፣ ለመጨረሻ ትንፋሽ ብቻ የተቀመጠ አይደለም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ይህን ተናግሯል፣ ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛም በ1972 ሥርዓቱን አድሰውታል። በጠና መታመም፣ ከባድ ቀዶ ጥገና ከፊት መኖር፣ በእርጅና መዳከም ይበቃል፤ ሕመሙ ቢበረታ ወይም ድኖ እንደገና ቢታመም ይደገማል። የሚቀባው ካህን ብቻ ነው፤ እኔና እናንተ አንቀባም። የያዕቆብ መልእክት 5፥14ን ደግሞ ልብ ብላችሁ አንብቡት፦ «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ።» የሚጠራው ማን ነው? በሽተኛው! ስለዚህ «አባ መጥተው እንዲቀቡዎት ይፈልጋሉ?» ብላችሁ በጊዜ፣ ገና መናገር ሲችሉ ጠይቁ። ቅዱስ ቁርባን የምታደርሱ ከሆነ መዋጥ ለሚያዳግተው ቁራሽ ብታንስም ሙሉ ክርስቶስ ናት፤ ጠጣር ፈጽሞ የማይችል ከሆነ በወይን መልክ ብቻ መቀበል ስለሚቻል ለካህኑ ንገሩ። በላቲን ሥርዓት ሕግ አረጋውያን፣ ሕሙማንና አስታማሚዎቻቸው ከቁርባን በፊት ካለው የአንድ ሰዓት ጾም ነጻ ናቸው። ይህን ባለማወቅ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ሳትውጥ የጠበቀችኝን ሴት እስከ ዛሬ አልረሳትም።

መልስ የማይሰጡትስ? ራሱን የሳተ፣ ወይም መርሳት የበረታበት ሰው እንዴት ይጠየቃል? እንደሌላው ሁሉ። አንኳኩታችሁ ትገባላችሁ፣ ስማችሁን ትናገራላችሁ፣ «አሁን እጅዎን ልይዝ ነው» ብላችሁ ትንሽ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ትይዛላችሁ። እጃቸውን ካሸሹ ትለቃላችሁ። ቀኑ ምን እንደሆነ፣ ውጭው ዘንቦ ይሁን ጠርቶ ትነግሯቸዋላችሁ። ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ፤ የረሳ ሰው ደንቆሮ አይደለም። ለረዥም ጊዜ ሳይነቁ ስለሚተኙ ሰዎች ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በመጋቢት 2004፣ ራሳቸውም በሕመም ደክመው ሳሉ፣ ሰው የቱንም ያህል ቢታመም ሰው ነው፣ ፈጽሞ «አትክልት» ወይም «እንስሳ» አይሆንም ብለው ነበር። ይህን የምጠቅሰው «ምንም አይሰሙም» እያለ በአልጋው ላይ ስለ ቀብር ወጪ የሚነጋገር ዘመድ ሲገጥመኝ ነው። ወደ ኮሪደሩ እጠራዋለሁ።

ስለማትወዱት ሰው ሳልነግራችሁ ብጨርስ ውሸታም እሆናለሁ። አንድ ጊዜ ልጆቻቸው ሊያዩአቸው የማይፈልጉ ሰው ዘንድ ተላክሁ። በጎልማሳነታቸው ቤተሰቡን ይደበድቡ እንደነበር ሰምቻለሁ፣ እሳቸውም አልካዱም። መንገድ ላይ ሆኜ «ይቺን ሰዓት ለሌላ በሽተኛ ባውላት» እያልኩ ነበር። የረዳኝ ያ መከፋፈል ነው፤ ሁለተኛውን ክብር ራሳቸው አጉድለውታል፣ አንደኛውን ግን ሊያጠፉት አልቻሉም። በ2018 ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ስለ ሞት ቅጣት የሚናገረውን የትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2267ን ያስቀየሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እጅግ ከባድ ወንጀል ከተፈጸመ በኋላም የሰው ክብር አይጠፋም ይላል። ለነፍሰ ገዳይ የማይጠፋ ከሆነ ለእኒህ ሰው እንዴት ይጠፋል? ሄድኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ውኃ አጠጣሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ልጆቹን «ኑና ይቅር በሉ» እያላችሁ አታስጨንቁ። የተደበደቡት እነሱ ናቸው፣ የእነሱም ክብር እኮ ያው ነው። ልጆቹ ይቅር ሳይሉ ሰውዬው አረፉ፣ እኔም በዚያ ላይ የምለው የለኝም።

አስታማሚዋንም ጠይቁ፣ ግን በር ላይ ስትወጡ፣ ለብቻዋ። «አንቺስ ተኛሽ?» ይበቃል። መልሷ ረዘም ካለ በሚቀጥለው ጊዜ ሁለት ሆናችሁ ኑ፤ አንዳችሁ አልጋው ጋ፣ አንዳችሁ እሷ ጋ።

ወደ ቤት ስትመለሱ ሕመሙን ሳይሆን ሰውየው ያለውን ጻፉ። እኔ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ ገጽ የያዘ ደብተር አለኝ፤ ስም አልጽፍበትም። «በር ይዘጋ።» «ከመጽሐፈ መዝሙር ረዥሙን አትወድም።» «የልጁን ስም ሲሰማ ያለቅሳል፣ ግን እንዲነሣ ይፈልጋል።» የመምህርቷ ገጽ የመጀመሪያው ነው፣ «እዚሁ ናቸው» ይላል።

እሳቸው ዘንድ አሥራ አንድ ሐሙስ ሄጃለሁ። በመጨረሻው ሐሙስ ድምፃቸው በጣም ቀንሶ ነበርና ጆሮዬን አስጠግቼ፣ «ዛሬ ምን ላድርግልዎ?» አልኳቸው። በዚያ ሳምንት ወንድሜ ሆስፒታል ገብቶብኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ፊቴን ግን አይተውታል መሰለኝ። «ዛሬስ እኔ ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ምን ሆነሻል፣ ልጄ?»

ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋሁና ነገርኳቸው።